የሰፈር ፓርክንና የእግር መንገድን በጋራ ካርታ ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች የሚመጡት በሰፈራቸው ያለው መናፈሻ፣ የወንዝ ዳር መንገድ ወይም የተራራ ዱካ እንዲሻሻልላቸው ከሚፈልጉ ነዋሪዎች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ የተወሰዱ ናቸው። ሥራው ግን ባህር ዳርም፣ ሐዋሳም፣ ደሴም ያው ነው።

የጋራ ካርታ ሲባል ምን ማለት ነው?

ነዋሪው ራሱ የሚሠራው፣ ራሱ የሚያርመውና ማንም በነጻ የሚጠቀምበት ካርታ ማለት ነው። በዓለም ላይ ትልቁ ኦፕንስትሪትማፕ ይባላል። እንግሊዛዊው ስቲቭ ኮስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የጀመረው ነው። የሚያስፈልገው አንድ ኢሜይልና የተጠቃሚ ስም ብቻ ነው።

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ጥሩ ምሳሌ አለ። የናይሮቢዋ ኪቤራ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚኖርባት ሰፈር ሆና ሳለ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2009 ድረስ ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ነበረች። የሰፈሩ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው ዞሩና የውሃ ቦታውን፣ መጸዳጃውን፣ ክሊኒኩንና ትምህርት ቤቱን መዘገቡ። ዳሬሰላም ውስጥ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ «ራማኒ ሁሪያ» በተባለ ሥራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ነዋሪዎች አብረው ጎርፍ የሚያጠቃቸውን ሰፈሮች፣ የውሃ መውረጃ ቦዩ ሳይቀር፣ ካርታ ላይ አስፍረዋል። ፓርክና የእግር መንገድም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ጎግል ማፕ እያለ ይሄ ለምን ያስፈልጋል?

ጎግል ማፕ ሱቅና ሆቴል ለመፈለግ ጎበዝ ነው። ግን መረጃው የኩባንያው ነው። አውርዳችሁ፣ በራሳችሁ ቀለም አትማችሁ፣ የራሳችሁን ነገር ጨምራችሁ እንደፈለጋችሁ አትሠሩበትም። የኦፕንስትሪትማፕን መረጃ ግን ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ማተምም ማሰራጨትም ትችላላችሁ። ሌላው ልዩነት ዝርዝሩ ነው። አግዳሚ ወንበር፣ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ፣ ደረጃ፣ የመንገዱ ንጣፍና ስፋት፣ መብራት መኖሩና አለመኖሩ፣ ሁሉም የራሱ ቦታ አለው።

አንድ ነገር አደራ፦ ከጎግል ማፕ እያያችሁ ወደ ጋራ ካርታው አትገልብጡ። የሳተላይት ምስሉንም ጭምር። የሚፈቀደው በዐይናችሁ ያያችሁት፣ ስልካችሁ የመዘገበው የጉዞ ዱካና ለካርታው እንዲውሉ ፈቃድ የተሰጠባቸው እንደ ቢንግና ኤስሪ ያሉ የሳተላይት ምስሎች ናቸው።

ካርታ ላይ ነጥብ ማስቀመጥ ፓርኩን እንዴት ያሻሽለዋል?

በቀጥታ አያሻሽለውም። ወንበር የሚጠግነው ሰው ነው፣ መብራት የሚተከለው በበጀት ነው። ካርታው የሚለውጠው ንግግሩን ነው፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙም እሱ ነው።

የወረዳ ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዷ እናት ተነስተው «መንገዱ ጨለማ ነው፣ ልጆቻችን እየተቸገሩ ነው» ይላሉ። ሌላው «ፓርኩ ቆሻሻ ሆኗል» ይላል። ኃላፊው «አስተያየታችሁን ተቀብለናል» ይላሉ። ሁሉም እውነት ተናግሯል፤ የትኛው መንገድ፣ ከየት እስከ የት የሚለውን ግን ማንም ይዞ አልወጣም።

አሁን ደግሞ እንበል ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል። መብራት ያላቸው መንገዶች በቢጫ፣ የሌላቸው በጥቁር ተሰምረዋል። ከትምህርት ቤቱ በር ተነስቶ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰፈሩ የሚገባው መንገድ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው። የማታ ተማሪዎች የሚመለሱት ደግሞ በእሱ ነው። ጥያቄው «መብራት ይኑር» ከሚለው ወጥቶ «ከዚህ እስከዚህ» ይሆናል። ኃላፊውም የበላይ አካል ሲጠይቃቸው የሚያሳዩት ነገር ያገኛሉ።

ሌላም አለ። ካርታው ዝም ያሉትንም ያሳያል። ስብሰባ የማይመጡ፣ ቢመጡም የማይናገሩ ሰዎች አሉ። የጎዳና ላይ ሻጯ፣ የቀን ሠራተኛው፣ በዊልቸር የሚሄደው ወጣት። እነሱ በየቀኑ የሚሄዱበት መንገድ ካርታ ላይ ከሰፈረ ጉዳያቸው አብሮ ይቀርባል።

ከየት ልጀምር? ምን ምን ነው የሚመዘገበው?

ከበሩ ጀምሩ። ብዙ ሰው ወንበርና አበባ መቁጠር ይቀናዋል። ግን የአንድን ፓርክ ዕድል የሚወስነው መግቢያው ነው። ዙሪያውን ታጥሮ አንድ በር ብቻ ያለው መናፈሻ ከአጥሩ ጀርባ ለሚኖረው ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ በዙሪያው ተጉዞ መግባት አለበት። ስለዚህ በሮቹ ስንት ናቸው? የትኛው ክፍት ነው፣ የትኛው በሰንሰለት ተቆልፏል? በስንት ሰዓት ይከፈታል? ክፍያ አለው? እነዚህን መዝግቡ።

ቀጥሎ መንገዱ። አስፋልት ነው፣ ኮብልስቶን ነው፣ ጠጠር ነው ወይስ አፈር? ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል? ደረጃ ካለ ስንት ነው፣ መደገፊያስ አለው? ለዊልቸርና ለሕፃን ጋሪ ያለ ደረጃ የሚያስገባ መንገድ አለ? አንድ ደረጃ መላውን ፓርክ ለአንድ ሰው ሊዘጋበት ይችላል። ይሄን የምለው ስፋቱንና ውበቱን ብቻ የሚያሳዩ ካርታዎች በጣም ስለሚበዙ ነው።

ከዚያ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ ጥላ፣ ወንበር፣ መብራት። መጸዳጃ ስትመዘግቡ «አለ» ብላችሁ አትለፉ። ክፍት ነው? የሴቶች ለብቻው አለ? ውሃ አለው? ክፍያውስ? ሴቶች ፓርክ ውስጥ የሚቆዩበትን ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይሄ ነው። ዛፎችን አንድ በአንድ መመዝገብ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ኮምፒውተር የለኝም። በስልክ ብቻ ይሆናል?

ይሆናል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ስትሪትኮምፕሊት የሚባል መተግበሪያ አለ። ካርታ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ይችለዋል። ቆማችሁ ባላችሁበት አካባቢ «የዚህ መንገድ ንጣፍ ምንድን ነው?»፣ «ይሄ ወንበር መደገፊያ አለው?» እያለ ይጠይቃችኋል፣ እናንተ ትመልሳላችሁ። ኤቭሪ ዶር የተባለው ደግሞ በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል፤ አዲስ ነገር ለመጨመር ይመቻል። አዲስ መንገድ በደንብ ለማስመር ግን ኮምፒውተር ይሻላል። አንድ ጎረቤት ላፕቶፕ ካለው ይበቃል።

የዳታ ነገር አያስጨንቅ። ካርታውን ቤት ዋይፋይ ላይ አውርዳችሁ መውጣት ይቻላል። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የሚባሉት የካርታ መተግበሪያዎች ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት በሆነበት አምስት ሜትር አካባቢ ሊስት ይችላል። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥርና ገደል ውስጥ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ዱካውን ከሳተላይት ምስሉ ጋር አስተያዩት።

ስልክም የሌለው ሰው ወረቀት ይዞ ይውጣ። የሰፈሩን ካርታ አትማችሁ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ጥንታዊ ቢመስልም አረጋውያንንና ልጆችን የሚያሳትፈው እሱ ነው።

የተሰበረ ወንበር፣ የተከመረ ቆሻሻ፣ የሚያስፈራ ቦታ ካርታው ላይ ይጻፋል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ኦፕንስትሪትማፕ የቅሬታ መዝገብ አይደለም። መሬት ላይ ያለውንና የሚቆየውን ነው የሚይዘው። «እዚህ ወንበር አለ» ይገባል። «እዚህ ማታ ያስፈራል» የእናንተ ስሜት ነው፤ እውነት ቢሆንም ቦታው እዚያ አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ንብርብር መሥራት ነው። ታች ያለው የጋራው ካርታ ነው። ላዩ ላይ የሰፈሩ ሰዎች ብቻ የሚሠሩበት የችግር ካርታ ይደረባል። ዩማፕ የሚባለው ነጻ መሣሪያ ለዚህ ይመቻል፦ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ የራሳችሁን ነጥብ፣ መስመርና ማብራሪያ ታስቀምጣላችሁ። የተሰበረው፣ የሚያስፈራው፣ ጎርፍ የሚቆምበት፣ «እዚህ ወንበር ቢኖር» የምትሉት፣ ሁሉም እዚያ ይግባ። እያንዳንዱ ነጥብ ቀን ይኑረው። ሲጠገን አትሰርዙት፣ ቀለሙን ቀይሩት። ምን እንደተሠራ ማሳየት ቀጣዩን ለመጠየቅ ብርታት ይሰጣል፤ የሠራውንም ሰው ያስመሰግናል።

ሰው የፈጠረው አቋራጭና የእንጨት ተሸካሚዎች ዱካ ይመዘገባል?

አዎ። እንዲያውም እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም በፊት መመዝገብ ያለበት እሱ ነው።

እንጦጦን አስቡ። ፓርኩ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ሰው ግን ተራራውን ሲወጣ ሲወርድ ኖሯል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባህር ዛፍ ጫካ ከሆነ ወዲህ እናቶች ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወርደውበታል። ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚሄዱ ምእመናን ረግጠውታል። አትሌቶች ጠዋት ጠዋት ሮጠውበታል። እነዚያን ዱካዎች ማንም መሐንዲስ አላሰመራቸውም፤ እግር ነው የሠራቸው። ከመንደር ወደ ውሃ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያ የሚወስደውን ቀላል መንገድ ያሳያሉ።

ከተማ ውስጥ ባሉ መናፈሻዎችም ያው ነው። ሣሩን አቋርጦ የሚሄድ የአፈር መስመር ስታዩ ሰውን ለመቆጣት አትቸኩሉ። የተነጠፈው መንገድ ሰው ወደሚፈልገው ቦታ አይወስድም ማለት ነው። መዝግቡት፣ ያልተነጠፈና ሰው በእግሩ ያወጣው መሆኑን ግለጹ። በሚቀጥለው እድሳት ኮብልስቶኑ የት ይነጠፍ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ቁልቁለት ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። በክረምት ውሃ የሰውን ዱካ ተከትሎ ይወርዳል። ዱካው ይቦረቦራል፣ ሰው ጎኑን ይዞ አዲስ ያወጣል፣ እሱም ይቦረቦራል። ሦስትና አራት ቦይ ጎን ለጎን ካያችሁ ደረጃ ወይም የድንጋይ እርከን የሚያስፈልገው እዚያ ጋ ነው።

ጥንቃቄም አለ። እንደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ያለ ቦታ ላይ፣ 705 ሄክታር የሚሸፍን ጥብቅ ስፍራ ነው፣ አስተዳደሩ ሰው እንዲገባበት የማይፈልገው ዱካ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ሲሆን መንገዱን ከካርታው አታጥፉት። መግባት ክልክል መሆኑን አብራችሁ መዝግቡ። ካጠፋችሁት ነገ ሌላ ሰው በሳተላይት ምስል ያየውና ክልከላውን ሳያውቅ መልሶ ያሰምረዋል።

ፎቶ ሳነሳ ፖሊስ ወይም ጥበቃ ቢያስቆመኝስ?

ሊያስቆማችሁ ይችላል፤ ተዘጋጅታችሁ ውጡ። ስልክ ይዞ እየቆመ የሚጽፍና ፎቶ የሚያነሳ ቡድን ጥርጣሬ ይፈጥራል። ከወረዳው ወይም ከፓርኩ አስተዳደር የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ውጡ። መታወቂያ አትርሱ። ሦስትና አራት ሆናችሁ፣ በቀን፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሂዱ። ኤምባሲ፣ ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ግቢና የጥበቃ ቦታ አጠገብ ካሜራ አታውጡ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ለዚህ ሥራ ፎቶ ብዙም አያስፈልግም። በጽሑፍ መያዝ በቂ ነው።

ምን መመዝገብ የለበትም?

የሰው ስም፣ ማን የት ቤት እንደሚኖር፣ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሰዎች የሚተኙበት ቦታ። ይሄ የመጨረሻው በተለይ ልብ ይባል። በጎ አስባችሁ የጻፋችሁት ነጥብ እነሱን ለማስነሳት ሊውል ይችላል። ብርቅ ወፍ ጎጆ የሠራበት ዛፍም እንዲሁ ይተው። የጂፒኤስ ዱካችሁን የምትጭኑ ከሆነ መቅዳት የምትጀምሩት ከቤታችሁ ራቅ ካላችሁ በኋላ ይሁን፤ አለበለዚያ የዱካው ጫፍ በራችሁ ላይ ያርፋል።

አንድ ሰው የተሳሳተ ነገር ቢያስገባ ወይም ሥራችንን ቢያጠፋው?

እያንዳንዱ ለውጥ ከነታሪኩ ይቀመጣል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይታያል፤ መመለስም ይቻላል። አብዛኛው ስህተት ደግሞ ከክፋት የሚመጣ ሳይሆን ከጀማሪነት ነው። ለሰውየው በትህትና መልእክት ጻፉለት።

የቦታ ስም እንዴት ይጻፍ?

ሰፈሩ በሚጠራው ስም። ምልክት ሰሌዳ ካለ የተጻፈውን ተከተሉ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ለየብቻው ማስገቢያ ቦታ አለ፣ ሁሉንም ተጠቀሙበት። ነባር ስም ካለ በአማራጭ ስም ቦታው ላይ ይግባ። ቦታው ስም ከሌለው ግን አትፍጠሩለት።

ወረዳው ካርታችንን ይቀበላል ወይ?

እንደ አቀራረባችሁ ነው። ስልክ ከፍታችሁ «እዩት» ብትሉ ተመልክተው ይመልሱላችኋል። ወረቀት ያስፈልጋል።

በትልቅ ወረቀት የታተመ አንድ ካርታና አንድ ገጽ ደብዳቤ ያዙ። ደብዳቤው ላይ ከሦስት የበለጠ ጥያቄ አታስቀምጡ። ሃያ ነገር የጠየቀ ሰው አንድም ላያገኝ ይችላል። ከሦስቱ አንዱ ትንሽና በወረዳው አቅም የሚሠራ ይሁን፤ የተቆለፈ በር ማስከፈት፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ማስቀመጥ። ከባዱ ከዚያ ይቀጥላል። የማን ሥራ እንደሆነም ለዩ። አረንጓዴ ቦታው የውበትና አረንጓዴ ልማት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ መብራቱና ድልድዩ የሌላ መሥሪያ ቤት። ግልባጭ ለሚመለከተው ሁሉ ይሂድ።

ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት። ቁጥሩን ያዙ። በእድር ስም ከሆነ በእድሩ ማህተም ይደገፍ። እድር ትልቅ አቅም ነው። ሰው ይሰበስባል፣ ሽማግሌ አለው፣ ሰፈሩም ኃላፊውም ያውቀዋል። ብዙ ቡድኖች አዲስ ማኅበር ለማቋቋም ሲደክሙ አያለሁ፤ እድሩ እያለ ለምን?

ቢሮ ውስጥ ያለውን ሰው እንደ ጠላት አትዩት። ብዙ ጊዜ እሱም የሚያስተዳድረው ፓርክ ትክክለኛ ካርታ የለውም። «ይሄን ለእናንተም ሠርተነዋል፣ ተጠቀሙበት» ብላችሁ ስጡ። የሚቀጥለውን ዕቅድ በእናንተ ካርታ ላይ ከሠራ ግማሹ መንገድ አለቀ።

ልጆችን ማሳተፍ ይቻላል?

በጣም። የትኛው ዥዋዥዌ እንደተበጠሰ፣ የትኛው ሜዳ ላይ ትልልቆቹ እንደሚያባርሯቸው፣ የት ጋ ውሻ እንዳለ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ወላጅ ወይም መምህር አብሯቸው ይሁን። ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ስጧቸው። ሲሥሉት አዋቂ ያላየው ነገር ይወጣል። የልጆች ስም ግን ካርታው ላይ አይቅር።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ምን ላግዝ?

ከሳተላይት ምስል ላይ መንገድ፣ ሕንጻና ወንዝ ማስመር ከየትም ይቻላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ሄይቲ በርዕደ መሬት ስትመታ በየአገሩ የተቀመጡ በጎ ፈቃደኞች የፖርት ኦ ፕረንስን ካርታ የሠሩት እንዲህ ነው። እናንተ አስምሩ፣ እዚህ ያለው ሰው ሄዶ ያረጋግጥ። ንጣፉን፣ ስሙን፣ በሩ ክፍት መሆኑን ከሩቅ አትገምቱ። የዛሬ አሥር ዓመት የምታውቁት ሰፈር ዛሬ ላይኖር ይችላል።

የምትኖሩበት ከተማም መናፈሻ አለው። እስራኤል ያላችሁ፣ በዚሁ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ የተመሠረተ የእግር ጉዞ ካርታ በአገሩ ተጓዦች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ልምድ ለመቅሰም ጥሩ ቦታ ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ በከተማዋ የአገልግሎት መስመር በ311 የተበላሸ ነገር ማመልከት እንደምትችሉ ታውቃላችሁ። አዛውንት ወላጆቻችሁ ዘወትር የሚቀመጡበት ፓርክ ውስጥ የጎደለውን ወንበር ከማስመዝገብ መጀመር ይቻላል።

በክረምት ይሻላል ወይስ በበጋ?

ሁለቱም ያስፈልጋል። በበጋ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ለመዞር ይመቻል፣ የሳተላይት ምስሉም ጥርት ያለው ብዙውን ጊዜ የበጋው ነው። ችግሩ የሚታየው ግን በክረምት ነው። ጥር ላይ በእግር የሚሻገሩት የቀበና ወንዝ ነሐሴ ላይ አያሻግርም። ስለዚህ አንድን መንገድ ሁለት ጊዜ ሂዱበት፣ አንዴ በደረቅ፣ አንዴ ዝናብ በዘነበ ማግስት።

ኮሪደር ልማቱ ሁሉን እየቀየረ ነው። ካርታው አያረጅም?

ያረጃል። አንድ መንገድ በሳምንት ውስጥ ፈርሶ በምትኩ ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሊሠራ ይችላል። የፈረሰውን ከካርታው አንሱት፤ ታሪኩ ውስጥ ስለሚቀር አይጠፋም። አዲሱ ሲጠናቀቅ ያኔ አስገቡት፣ በዕቅድ ሥዕል ላይ ያያችሁትን ሳይሆን የረገጣችሁትን። አዲሱ መንገድ ከአሮጌው ሰፈር ጋር የት የት እንደሚገናኝ፣ የትኛው መተላለፊያ እንደተዘጋ በደንብ ተመልከቱ። ከፍ ያለ ጠርዝ ወይም አጥር ተሠርቶ አረጋውያን መሻገሪያ ካጡ፣ ሥራው ገና ሳያልቅ ማሳወቅ ይሻላል።

አንድ ሰው ብቻውን ሁሉን ማደስ አይችልም። መንገዶቹን ተከፋፈሉ። እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ የሚሄድበትን ይያዝ፤ ለእሱ ተጨማሪ ጉዞ አይሆንበትም። በካርታው ላይ የመጨረሻ ፍተሻ ቀን የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ በሄዳችሁ ቁጥር ሙሉት።